ጥቁሩን ስክሪን ለምትፈሩ ሁሉ፣ በኤምሲ ጀምሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን ሳላነብ የማልፍበት ሳምንት የለም፣ የቴክኖሎጂ ገጹንማ ሱቄ የሚመጡ ተማሪዎችም እየተቀባበሉ ነው የሚያነቡት፣ እና ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዛው ገጽ ነው። በብዛት የሚወጣው ስለ አዲስ ስልክና ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ነው፣ አልጠላሁትም፣ ግን እኛ አካባቢ ልጆቹ እጅ ላይ ያለው ኮምፒውተር 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ወይ ከዘመድ የተረፈ ላፕቶፕ ነው፣ እሱን ይዞ የተቀመጠ ልጅ ዛሬ ማታ ምን ይሞክር ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን ጽሑፍ ግን እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ እኔው ስለ አንድ ፕሮግራም ልጻፍላችሁ፣ ሚድናይት ኮማንደር ይባላል፣ የሚያውቁት ባጭሩ ኤምሲ ነው የሚሉት። ፋይል ማስተዳደሪያ ነው፣ ማለትም ፎልደር መክፈት፣ ኮፒ ማድረግ፣ ማዛወር፣ መሰረዝ፣ ግን የሚሠራው እዛ ሰው ሁሉ በሚፈራው ጥቁር ስክሪን ላይ፣ ኮማንድ ማለትም ትእዛዝ እየተጻፈ ኮምፒውተር በሚታዘዝበት ተርሚናል ውስጥ ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ጽሕፈት፣ ፕሪንትና ፎቶ ኮፒ ነው የምሠራው። ፊት ለፊት ደንበኛ የሚስተናገድባቸው ሁለት ዊንዶውስ ያላቸው ኮምፒውተሮች አሉ፣ ከኋላ ደግሞ ማንም የማይፈልጋት አንዲት አሮጌ ኮር ቱ ዱዎ አለች፣ ዊንዶውስ 10 ስትጭንባት ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ አትነሳም፣ እሷ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም፣ ደቢያን የተባለውን ዓይነት ጫንኩባትና ይኸው እስከዛሬ ከሁሉም በላይ የምታገለግለኝ እሷ ሆነች።

ለምን እንደሆነ አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፣ የምርቃት ሰሞን፣ ተማሪው ሁሉ ሪሰርች ሊያስጠርዝ የሚሰለፍበት ጊዜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ አንዲት ልጅ ፍላሽ ይዛ እያለቀሰች ገባች። ፍላሹ ውስጥ ያለው ፎልደር ሁሉ ሾርትከት ሆኗል፣ ያው የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው፣ ስትከፍተው አይከፈትም፣ ሌላ ቤት ወስዳው ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም ብለዋታል፣ ሪሰርቿ ደግሞ ሌላ ቦታ የለም፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ማስገባት አለባት። "ጋሼ ፎርማት እንዳታደርግብኝ" አለችኝ ገና ፍላሹን ሳትሰጠኝ። ነይ ቁጭ በይ አልኳትና ኋላ ያለችው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፣ ኤምሲን ከፈትኩ፣ ስክሪኑ ሁለት ቦታ ተከፈለ፣ በግራ የሷ ፍላሽ በቀኝ የኔ ዲስክ። በግራ በኩል እነዛ ሾርትከቶች በሙሉ ተደርድረዋል፣ ስማቸው ነጥብ ኤልኤንኬ (.lnk) ብሎ ነው የሚያልቀው፣ መጠናቸው እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ምናምን ባይት፣ ሪሰርች አንድ ሺህ ባይት አይሆንም መቼም። ከላይ ደግሞ ስም የሌለው አንድ መስመር አለ፣ ፎልደር መሆኑን የምታሳየው ዘንባላ ሰረዝ (/) ብቻ አለች ከፊቱ፣ ስሙ ባዶ ነው። አየሽ ይሄን? አልኳት። ኢንተር ስለው ተከፈተ፣ ቻፕተር 1፣ ቻፕተር 2፣ መጠይቁ፣ ፎቶው፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል።

ነገሩ ምትሃት አይደለም። ቫይረሱ ፋይሉን አላጠፋውም፣ ለዓይን ባዶ የሚመስል ስም ያለው ፎልደር ፈጥሮ ሁሉንም እዛ ውስጥ ከተተውና ፎልደሩን የተደበቀ የሲስተም ፋይል ነው የሚል ምልክት አደረገበት፣ ዊንዶውስ ምልክቷን ስለሚያከብር አያሳይህም፣ ሊኑክስ ግን ያቺን ምልክት ለመደበቂያ ስለማይጠቀምባት ያለውን እንዳለ ነው የሚዘረግፈው። ሾርትከቱም የዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ ብትነካውም ምንም አይሠራም። ያንን ፎልደር ላይ ሆኜ ኮንትሮልና ስፔስ ስጫን ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ቆጥሮ ነገረኝ፣ ኤፍ5 ብዬ ወደ ቀኝ ኮፒ አደረግሁት፣ ከዛ ፍላሹ ላይ የመደመር ምልክቷን ተጭኜ ኮከብ ነጥብ ኤልኤንኬ (*.lnk) ብዬ ስጽፍ ሾርትከቶቹ ብቻ ተመርጠው ቢጫ ሆኑ፣ ኤፍ8 ብዬ ጠረግኋቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ ጠዋት አስገባች። ከዛ ቀን ወዲህ ያንን ሰማያዊ ስክሪን ያዩ ተማሪዎች ምንድነው እሱ አስተምረኝ እያሉ ይመጣሉ፣ ይሄን ደብዳቤ ያጻፈኝም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ለሁሉም ተቀምጬ ማስረዳት አልቻልኩም።

የዚህ ፕሮግራም ሐሳብ የቆየ ነው። ከዊንዶውስ በፊት በነበረው በዶስ ዘመን ኮምፒውተር የነኩ ታላላቆቻችን ኖርተን ኮማንደርን ያስታውሱታል፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ፣ ጆን ሶቻ የሚባል ሰው የሠራው፣ ሁለት ሰማያዊ ሰሌዳ ጎን ለጎን። እሱን አይቶ ነው ሚጌል ዴ ኢካዛ የሚባል ሜክሲኳዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1994 ሚድናይት ኮማንደርን ለዩኒክስና ለሊኑክስ የጀመረው፣ ነፃ ሶፍትዌር አድርጎ። ይኸው ሰው ነው ከሦስት ዓመት በኋላ ከጓደኛው ጋር ጂኖምን ያስጀመረው፣ ዛሬ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ስትከፍቱ የምታዩት ዴስክቶፕ የሱ ዘር ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፕሮግራም ማለት ዛሬ የለመድከው ቁልፍ የዛሬ አሥር ዓመትም ያው ነው ማለት ነው፣ ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ስልክ ላይ አፕ በተሻሻለ ቁጥር በተን ፍለጋ ለሚባዝን ሰው ዕረፍት ነው።

እንግዲህ አጀማመሩ። ኡቡንቱ ወይ ደቢያን ካላችሁ ተርሚናሉን ከፍታችሁ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኤምሲ (sudo apt install mc) ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው ሁሉም በትንንሹ፣ ኤምሲ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። የሚወርደው ጥቂት ሜጋባይት ስለሆነ ያንን ያህል ፓኬጅ አይበላም። ሲያልቅ ኤምሲ (mc) ብላችሁ ኢንተር። በቃ ሰማያዊው ይመጣል።

አሁን ምንም ሳትነኩ ከታች ያለውን መስመር እዩት። ከ1 እስከ 10 ቁጥር አለ፣ ከየቁጥሩ ጎን ሥራው ተጽፏል፣ እነዛ ኪቦርዱ ላይ ያሉት ኤፍ ቁልፎች ናቸው። ኤፍ3 ፋይሉን ያሳያችኋል፣ ኤፍ4 ለማረም ይከፍትላችኋል፣ ኤፍ5 ኮፒ፣ ኤፍ6 ማዛወር ወይ ስም መቀየር፣ ኤፍ7 አዲስ ፎልደር፣ ኤፍ8 መሰረዝ፣ ኤፍ10 መውጫ። እኔ ተርሚናል ውስጥ ከሚሠሩት ከሌሎቹ ፋይል ማስተዳደሪያዎች ሁሉ ይሄኛውን አስቀድሙ የምለው በዚህ ምክንያት ነው፣ ሬንጀር አለ፣ ኤልኤፍ አለ፣ በቅርቡ የመጣ ያዚ የሚባልም አለ፣ ሬንጀርን ራሴም እጠቀመዋለሁ ደስ ይላል፣ ግን እነሱ ጄ እና ኬ ተጫን፣ ዋይ አንዴ ወይ ሁለቴ ተጫን የሚሉ ናቸው፣ ያንን በቃልህ ያልያዝክ ሰው መጀመሪያ ቀን ቆመህ ትቀራለህ፣ ኤምሲ ግን የሚያስፈልግህን ስክሪኑ ላይ ጽፎ ነው የሚጠብቅህ።

ከኤፍ ቁልፎቹ ቀጥሎ አንድ ታብ የሚባል ቁልፍ ብቻ ተማሩ። ታብ ከግራ ሰሌዳ ወደ ቀኝ ያሻግራል፣ መልሳችሁ ስትጫኑ ይመልሳል። የኤምሲ ሙሉ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው ያለው፣ መርጫው፣ ማለትም ደምቃ የምትታየው መስመር፣ ያለበት ሰሌዳ ምንጭ ነው ሌላኛው መድረሻ ነው፣ በቃ። ዊንዶውስ ላይ ኮፒ ትላለህ፣ ፎልደሩን ዘግተህ ሌላ ትከፍታለህ፣ መሀል ላይ ደንበኛ ይመጣል፣ ስትመለስ ምን ኮፒ እንዳደረግክ ረስተኸዋል፣ ፔስት ስትል ሌላ ነገር ይለጠፋል። እዚህ ግን ከየት ወደ የት እንደምትወስድ ሁለቱንም ጎን ለጎን እያየህ ነው። ኤፍ5 ስትል ደግሞ ወደ የት እንደሚሄድ አድራሻውን ጽፎ ይጠይቅሃል፣ ያንን አድራሻ ሳታነቡ ኢንተር አትበሉ፣ እኔ ሱቅ የሚያግዘኝን ልጅ መጀመሪያ ያስተማርኩት ይሄን ነው፣ ጮክ ብለህ አንብብ ነበር የምለው፣ አሁን ሳያነብ ኢንተር አይልም። ብዙ ፋይል ለመምረጥ ኢንሰርት ነው፣ በተጫናችሁ ቁጥር ያለበትን ቢጫ አድርጎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስንት ፋይል ስንት ሜጋባይት እንደተመረጠም ከታች ይደምርላችኋል፣ ኢንሰርት የሌለው ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮልና ቲ ነው። ዚፕ ፋይል ላይ ኢንተር ስትሉ ደግሞ እንደ ፎልደር ይከፈታል፣ ገብታችሁ የምትፈልጓትን አንዷን ብቻ በኤፍ5 ማውጣት ትችላላችሁ፣ ከቴሌግራም የወረደ ትልቅ ዚፕ ሙሉውን መፍታት ቀረ ማለት ነው፣ አንዚፕ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም መጫኑን ግን እዩ።

አንድ ሳምንት ይሄን ብቻ ሥሩ፣ ሌላ አትጨምሩ። ከዛ ኮንትሮልና ኦ ተጫኑ። ሰማያዊው እንደ መጋረጃ ይነሳና ከኋላው ጥቁሩ ተርሚናል ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ፣ ለካ እዛው ነበር ሁልጊዜ፣ መልሳችሁ ስትጫኑ መጋረጃው ይወርዳል። ከሰሌዳዎቹ ስር ያለችው መስመርም እውነተኛ ተርሚናል ናት፣ ኮማንድ ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ የሚሠራው መርጫው ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ በዚህ ነው ኮማንድ የለመደው፣ አንድ ቀን ዲስኩ ሊሞላ ነው መሰለኝ አለኝ፣ እንዴት አወቅክ ስለው ዲኤፍ ሰረዝ ኤች (df -h) ብሎ ጽፎ በኮንትሮል ኦ አሳየኝ፣ እኔ አላስተማርኩትም። ልጆች ኮማንድ ላይን የሚጠሉት የሌለ ነገር መሀል የቆሙ ስለሚመስላቸው ነው፣ የት እንዳሉ አያዩም፣ ኤምሲ ግን ፎልደሩን እያሳያቸው ከስሩ ኮማንድ ያስጽፋቸዋል፣ ስለዚህ ፍርሃቱ ሳይታወቃቸው ይለቃቸዋል። ኮሌጆች የሊኑክስ ትምህርት ሲጀምሩ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት በዚህ ቢያደርጉት ብዙ ልጅ መንገድ ላይ አይቀርም ነበር የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

መጠንቀቅ ያለባችሁን ደግሞ ልንገራችሁ፣ እኔ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩት ስለሆነ። ኤፍ8 ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይልክም፣ ያጠፋል፣ ሪሳይክል ቢን የሚባል ነገር የለም፣ ቀይ ሳጥን መጥቶ እርግጠኛ ነህ ሲላችሁ ስሙን አንብቡት። ከዚህ የባሰው ግን የፍላሽ ነገር ነው። አንድ ደንበኛዬ የሠርግ ፎቶ በፍላሽ ስጠኝ ብሎኝ በኤፍ5 ገለበጥኩለት፣ አለቀ ብሎ ሳጥኑ ተዘጋ፣ እኔም ነቅዬ ሰጠሁት፣ ማታ ደወለልኝ፣ ፎቶው ግማሹ አይከፈትም፣ የሚከፈተውም ከወገብ በታች ግራጫ ነው። ሊኑክስ ለጊዜው ራም ላይ ይይዘውና ወደ ፍላሹ ቀስ እያለ ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ አለቀ ያለው ሳያልቅ ነበር የነቀልኩት። ዋናው ኮፒ እኔ ጋ ስለነበረ ዳንኩ እንጂ የሰው ሠርግ ነው። ከዛ ወዲህ ከስር ባለችው መስመር ሲንክ (sync) ብዬ እጽፋለሁ፣ ሲንክ ጨርሶ ቦታውን እስኪለቅልኝ እጠብቃለሁ፣ ከዛ ሰሌዳውን ከፍላሹ አውጥቼ ፍላሹን በሥርዓት አላቅቀዋለሁ፣ ሰሌዳው ፍላሹ ውስጥ እንዳለ ለማላቀቅ ከሞከራችሁ ሥራ ላይ ነው ብሎ እንቢ ይላችኋል። ሌላው ትንሽ ነገር፣ አንዳንድ ተርሚናል ላይ ኤፍ10 ስትሉ ኤምሲ በመዘጋት ፈንታ የመስኮቱ ሜኑ ይከፈትባችኋል፣ ያኔ ኢስኬፕ ተጭናችሁ ለቃችሁ ዜሮ፣ ለሁሉም ኤፍ ቁልፍ እንደዛው ነው፣ ኢስኬፕ ከዛ 5 ማለት ኤፍ5 ነው።

ፋይል ፍለጋም አለው፣ አልትና የጥያቄ ምልክት፣ አምና የጻፍክልን የእድር ደብዳቤ የት አለ እያሉ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፣ በስሙ በሰከንድ አገኘዋለሁ። ፋይል ውስጥ ያለ ቃልም ይፈልጋል፣ ግን ዶክስ (.docx) የሆነ የወርድ ፋይል ውስጡ የታመቀ ዚፕ ስለሆነ በቃል ፈልጋችሁ አታገኙትም፣ ስለዚህ ለፋይሉ ከመጀመሪያው ደህና ስም ስጡት።

ስም ካልን የአማርኛችን ነገር ይነሳል። የግዕዝ ፊደል፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ዘዴ፣ አንዱ ፊደል 3 ባይት ነው የሚይዘው፣ ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኤክስት4 የሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ደግሞ ለአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት በላይ አይሰጥም፣ ስለዚህ በእንግሊዝኛ 255 ፊደል የሚፈቀደው በኛ ፊደል 85 ላይ ያበቃል። ተማሪዎች የሪሰርቹን ሙሉ ርዕስ በአማርኛ የፋይል ስም ያደርጉታል፣ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ወደኔ ዲስክ ስገለብጠው ኤምሲ ስሙ በጣም ረዘመ ብሎ ቀይ ሳጥን ያወጣል፣ እኔ መጀመሪያ ፍላሹ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ኤፍ5 ሲጠይቃችሁ መድረሻው ላይ አጠር ያለ ስም ጻፉለት።

አነባበቡስ ካላችሁ፣ ተርሚናል ለሁሉም ፊደል እኩል ሳጥን ነው የሚሰጠው፣ የኛ ፊደል ሰፋ ስለሚል ብዙ ጊዜ ይጨናነቃል ወይ አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣል፣ ግን ይነበባል። ጭራሽ ዴስክቶፕ በሌለው ባዶው ጥቁር ኮንሶል ላይ ደግሞ ዝም ብሎ ሲከፈት አማርኛ አይታይም፣ ሳጥን ሳጥን ነው የሚሆነው። እዚህ ላይ በጣም ያስደሰተኝን ነገር ልንገራችሁ፣ ደቢያን ላይ የኮንሶል ፊደል የሚስተካከልበት ኮንሶል ሴትአፕ የሚባል ነገር አለ፣ እሱን ስትከፍቱ ከሚመረጡት የፊደል ዓይነቶች አንዱ የኛው ግዕዝ ነው፣ የፎንቱም ስም ጎሃ ይባላል፣ ጎሃ ጽባህ የምንለው ጎሃ። አንድ ሰው ተቀምጦ ለዛ ለማንም ለማይታይ ጥቁር ስክሪን ፊደላችንን ነጥብ በነጥብ ሠርቶ አስገብቶልናል፣ ስንቶቻችን ነን የምናውቀው?

ኮምፒውተር ለሌላችሁ፣ ስልካችሁ አንድሮይድ ከሆነ ተርመክስ የሚባል አፕ አለ፣ ኤፍ ድሮይድ ከሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ማከማቻ አውርዱት፣ ፒኬጂ ኢንስቶል ኤምሲ (pkg install mc) ብላችሁ ትጭናላችሁ። ኤፍ ቁልፍ ስልክ ላይ ስለሌለ ከኪቦርዱ በላይ ካለው ረድፍ ኢስኬፕን ነክታችሁ ቁጥሩን ትነካላችሁ፣ ትንሽ ስክሪን ላይ ሁለት ሰሌዳ ይጣበባል፣ ስልኩን አግድም ያዙት። ዊንዶውስን መልቀቅ የማትችሉ ደግሞ ፋር ማኔጀር አለላችሁ፣ ያው ሁለት ሰሌዳ ነው፣ የሠራው ዩጂን ሮሻል ነው፣ ሁላችንም የምናውቀውን የራር ፋይል የፈጠረው ሰውዬ፣ ኤፍ5ም ኤፍ8ም እዛም ያው ነው።

እና ዝግጅት ክፍሎች፣ የምለምናችሁ ይሄን ነው፣ ከቴክኖሎጂ ገጹ ላይ በሁለት ሳምንት አንዴ ሩብ ገጽ እንኳን ብትሆን ላሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን ነገር ስጡን፣ ከኤምሲ ጀምሩና ቀጥሎ የኮንሶሉን አማርኛ አሳዩ፣ ጎሃን ሥዕል አድርጋችሁ አውጡት። እኔ ለተማሪዎቹ የቁልፎቹን ዝርዝር በአማርኛ ኤ4 ወረቀት ላይ ጽፌ ሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ፎቶ እያነሱ ይሄዳሉ፣ ካስፈለጋችሁ እልክላችኋለሁ፣ እንደፈለጋችሁ አሳጥራችሁ አትሙት፣ ስሜ ባይጠራም ግድ የለኝም።

አክባሪያችሁ
የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት፣ ከደብረ ብርሃን